የማላኪ ራስጌ የማን ነው?

ለክቡር አቶ ሎርካን ፊነርቲ፣
የአውራጃችን የጨዋታ ቦርድ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ ይልቁንም ያ ሁሉ ፍርድ የሚፈልቅበትን የተከበረ ጭንቅላትዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን እያልኩ፣ እኔ አትራክታ ታርፒ፣ የክሎንባራ የኸርሊንግ ዱላ ጨዋታና የጌሊክ እግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ፣ የበረኛችን የማላኪ ታርፒም ሚስት፣ ባለፈው ሳምንት ስለላኩልን ውሳኔ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ወደድኩ።

በአገራችን ሰው የሚጫወተው ለሚኖርበት አጥቢያ መሆኑን እርስዎም እኔም እናውቃለን። የባለቤቴ ቅድመ አያት ግን ማንንም ሳይጠይቁ ቤታችንን በክሎንባራና በኪልሞርታ ድንበር ላይ ስለሠሩት፣ ድንበሩ መኝታ ክፍላችንን መሃል ለመሃል ያቋርጠዋል። ይህን መቶ ዓመት ሙሉ ጉዳዬ ያለው አልነበረም። ዘንድሮ ማላኪ አራት ጎል አድኖ ኪልሞርታን በገዛ ሜዳው ባሳፈረ ማግሥት ግን፣ ኪልሞርታዎች ካርታ ታቅፈው ደጅዎን ጠኑ። እርስዎም ሜትር የያዙ ሦስት ሰዎች ልከው፣ «ሰው የሚኖረው ራሱን በሚያሳርፍበት ነው፤ የማላኪ ትራስም አንድ ክንድ ያህል ኪልሞርታ ገብቶ ተገኝቷል» ሲሉ ፈረዱ።

አንደኛ፣ ስለ ሰዎችዎ ጨዋነት አመሰግናለሁ። አልጋዬን ከነጭቃ ጫማቸው ከለኩ በኋላ ሻዬን ጠጥተው፣ ዳቦዬን ከነቅቤው ጨርሰው፣ «እኛ ታዘን ነው፣ እመቤት» ብለው ሄዱ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሒሳብ ችሎታዎ። ኸርሊንግ የሚጫወተው በአሥራ አምስት ሰው ነው፤ ክሎንባራ ያለንም አሥራ አምስት ሰው ነው፤ አሥራ ስድስተኛው አምና አውስትራሊያ ገብቷል። ማላኪን ሲቀንሱብን ምን እንደሚሆን ደብዳቤዎ ራሱ ነግሮናል፦ በመጪው እሁድ አሥራ አምስት ሆነን ሜዳ ካልገባን ክለባችን ፈርሶ ከኪልሞርታ ይቀላቀላል። ቀይና ጥቁሩ ማሊያችንም ይቀራል ማለት ነው። አባቴ ሲቀበር ሣጥኑ ላይ ያለበስነው ያንን ማሊያ ነበር። ይህን የምጽፍልዎ ከትሕትና የተነሣ እንዳይመስልዎ፤ ተናድጄ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጎረቤት ፍቅር። ከውሳኔዎ ወዲህ ሱቅ በገባሁ ቁጥር ኪልሞርታዎች፣ «አንቺ አትራክታ፣ ጭንቅላቱን ወስደንልሻል፤ እግሩን ለሾርባ አስቀሪው!» ይሉኛል። እኔም፣ «ምን ይደረግ፣ ራስ የሌለው ራስ ቢለምን አይፈረድበትም» ብያቸዋለሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ለቄሳችን ስናዘዝ ተናግሬው ይቅር በይ ስለተባልኩ ትቼዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና ውሳኔዎን ይለውጡ ብዬ አላደክምዎትም። እንዲያውም ቃል በቃል ታዝዘነዋል። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አሥራ አራቱ ተጫዋቾች መኝታ ክፍላችን ገብተው፣ ቄሳችን ምስክር ሆነው ቆመው፣ አልጋችንን አዞሩት። ራስጌው ክሎንባራ፣ ግርጌው ኪልሞርታ ሆኗል። ከበሩ ሥር የሚገባው ብርድ አናታችንን ቢፈጀንም ኮፍያ አድርገን እንተኛለን። እግሮቹን ኪልሞርታ ከፈለገ ይውሰዳቸው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ከጎሉ መስመርም ርቀው አያውቁም። ሰውዬው ግን በራስዎ ሕግ የእኛ ነው፣ እሁድም የጎሉ በር ላይ ይቆማል፣ ክለባችንም አይፈርስም።

ለውሳኔዎ እስከ መጨረሻዋ ፊደል የምትታዘዝ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አንዲት ጋት የማትሸሽ፣ እሁድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አምስት ሰው ጋር ሜዳ ላይ የምትጠብቅዎ፣

አትራክታ ታርፒ

ማስታወሻ፦ ጉዳያችን በቦርዱ ሲታይ እርስዎ ራስዎን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ያንኮራፉ እንደነበር ሁለት የቦርድ አባላት ነግረውኛል። ሰው የሚኖረው ራሱን በሚያሳርፍበት ከሆነ ዘንድ፣ ይህን ደብዳቤ ቤትዎ አልላክሁትም፤ በጠረጴዛው አድራሻ ልኬዋለሁ።