እሳት የሌለው ምድጃ

ኖቬምበር 3

ጠዋት ከባሕር ዳሯ ከካ ማው ሰባት ጆንያ የደረቀ ሽሪምፕ ገባ። ስድስቱን ተቀበልኩ። ሰባተኛው ከላይ ደረቅ፣ ከሥር ውኃ የተረጨ... ክብደት እንዲጨምር። ነጋዴው በልጆቹ ማለ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ገበያ ስቀመጥ በልጆቹ ያልማለ ሌባ አላየሁም። አውርዶት ሄደ። ለዳክዬ ቀለብ ይሆናል።

ምሳ ላይ የምድጃ ወሬ ተነሳ። የወንድሜ የኮአ ቤት እየታደሰ ስለሆነ፣ እሱ፣ ሚስቱ ዱየንና እናቴ ከኦገስት ጀምሮ ከሱቄ በላይ እኔ ጋ ናቸው። ወሩ ሲያልቅ ይመለሳሉ። ምድጃውን እኔ ልገዛላቸው ቃል ገብቻለሁ። የትኛው? የኩሽናው መደብ ድንጋይ የሚቆረጠው በምድጃው ልክ ስለሆነ ቶሎ መወሰን አለበት።

ዱየን ማንም ሳይጠይቃት፣ «በማግኔት የሚሠራው። ኢንዳክሽኑ» አለች።

እናቴ መብሊያ ዘንጎቿን አስቀመጠች። «እሳት የለውም እኮ! የኩሽናው አማልክት የት ሊቀመጡ ነው? መስታወት ላይ? ተንሸራተው ይወድቃሉ።»

ሁላችንም ሳቅን። ዱየን ግን አልሳቀችም። ለምን?

ኖቬምበር 5

የዱየን የአክስት ልጅ ምድጃ ይሸጣል። ኮአ ነው ሳያስበው ከአፉ ያመለጠው። አሃ።

ኖቬምበር 6

ምድጃ ሻጩ ሱቅ ሄድኩ። ማግኔት በኪሴ፣ የእናቴ ሁለት ድስቶች በዘንቢል... አንዱ አሉሚኒየም፣ አንዱ ሸክላ። የአክስት ልጅ ተብዬው ሎክ ይባላል። ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ሰውዬ።

«እትዬ ሊው! የቤተሰብ ዋጋ አደርግልዎታለሁ። የጀርመን ነው።»

«ገልብጠው።»

«ምን?»

«ከሥሩ ማየት እፈልጋለሁ።»

ገለበጠው። የተሠራበት አገር የተጻፈበት ወረቀት ለሁለት ተቀዷል፤ የቀረው ግማሽ ጀርመን አይልም። «መጓጓዣ ላይ ነው የተቀደደው» አለ። መጓጓዣው ማንበብ የሚችል መሆን አለበት።

ማግኔቱን ድስቶቹ ላይ አስጠጋሁ። አልያዘም፣ ሁለቱንም። እነዚህ የማግኔቱ ምድጃ ላይ ሲቀመጡ አይሞቁም ማለት ነው። ሎክ ወዲያው ክብ ብረት አወጣ። «ይህን ከሥር ያደርጉታል፣ ሸክላም ይሠራል።» ብረቱ ራሱ ግሎ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ማወቄን ሲያውቅ ዋጋ ቀነሰ።

የእናቴ ዓሣ ያለ ሸክላ ድስት ዓሣ አይደለም። ዱየን ይህን ታውቃለች። ታዲያ ምን ፈልጋ ነው? ኮሚሽን ብቻ? ወይስ ሰባ አራት ዓመት የሞላትን ሴት ከኩሽናዋ ማስወጣት?

ኖቬምበር 9

ዛሬ ያየሁትን ሳልረሳ ልጻፈው።

አሥር ሰዓት ገደማ ከሱቅ ወደ ላይ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሳለሁ ጋዝ ሸተተኝ። ኃይለኛ ነው። ሮጥኩ። ዱየን የጋዝ ሲሊንደሩ ጋ ተንበርክካ እጇ መዝጊያው ላይ ነው። መስኮቱ ተከፍቷል። እናቴ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቃ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ዘና ብላ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ነፋስ እሳቱን አጥፍቶት ነው» አለች ዱየን። ፊቷ ገርጥቷል።

እናቴ ቀና አለች፤ መጀመሪያ ያየችው ግን እኔን ሳይሆን ዱየንን ነው። «አዎ፣ ነፋስ ነው» አለች። ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እኔ እንደማስበው... እናቴ እኮ የተበላሸ ዓሣ ከመንገዱ ማዶ የምትለይ ሴት ናት። ሽሪምፕ በአፍንጫ መለየት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጋዙ ያን ያህል ቆይቶ ቢሆን ከሁሉም ቀድማ በጮኸች ነበር። ስለዚህ አልቆየም። ስለዚህ የከፈተው ሰው እኔ ደረጃ ላይ ስደርስ ነው የከፈተው። «ጋዝ አደገኛ ነው» ለማሰኘት።

ዱየን ይህን ታደርጋለች? ምናልባት። ማስረጃ የለኝም። ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቅልም።

ኖቬምበር 10

ዓይኔን አልነቀልኩም። እናቴ ወደ ኩሽና ስትገባ ዱየን ትከተላለች። ሁልጊዜ! ልብስ ዘፍዝፋ ከሆነ እጇ እየተንጠባጠበ ትመጣለች። እናቴ ምግቡን ስትጨርስ ዱየን ሲሊንደሩን ትዘጋለች፤ እናቴ ስታያት ግን ወለል የምትጠርግ ትመስላለች።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። እናቴ በማንኪያ መረቅ ቀድታ ለዱየን አቀመሰቻት። እናቴ! እኔን በልጅነቴ ድስት ከፈትሽ ብላ በጭልፋ የመታችኝ። ዱየን ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሹክ አለቻት፣ እናቴም የዓሣ ስጎ ጨመረች።

ኩሽናው ከእጇ ወጥቷል። ምድጃው ገና ሳይገዛ።

ኖቬምበር 12

ኮአን ግንበኞቹ ጋ አገኘሁት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

«ሚስትህ ከሎክ ስንት ትወስዳለች?»

አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ ሳቀብኝ። «እትዬ፣ አንቺ እኮ የቡድሃን ሐውልት ብታገኚ ገልብጠሽ ከሥሩ ታያለሽ።»

«መልስልኝ።»

«ምንም አትወስድም። ደግሞ ከሎክ አትግዛ ብላኛለች፣ አጭበርባሪ ነው ብላ። ከፈለግሽበት ግዢ፣ ጋዝ ብቻ አይሁን። ያለችው ይኸው ነው።»

«ጋዝ ለምን አይሆንም?»

ሳቁ ጠፋ። አሸዋውን በጣቱ ቆፈረ። «እሷን ጠይቂያት። ድንጋይ ቆራጩ እሑድ ይመጣል፣ ልኩን ስጪኝ።»

ኖቬምበር 13

ጠዋቱን በሙሉ፣ ሚዛኔ ጋ ሆኜ፣ ይህን ሳሰላስል ዋልኩ። «ከሌላ ሱቅ ግዢ» የሚል ሰው ኮሚሽን የለውም። ታዲያ ትርፉ የማን ነው? ማን ነው የሚዋሸው?

የጋዙን ቀን እንደገና አሰብኩት። ሁለት እርምጃ። ዘና ብላ። ነጭ ሽንኩርት። ያኔ ያሰብኩት ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ለእናቴ ይሸታታል በሚለው። እሱን ግን አልመዘንኩትም።

ለዳክዬ ከተውኩት ጆንያ አንድ እፍኝ ዘገንኩ። ውኃው በአሥር ቀን ሥራውን ሠርቷል፤ እጄን ዘርግቼ ብይዘውም ሽታው ዓይኔን ያቃጥለኛል። እናቴ ደጅ ወንበሯ ላይ ነበረች። እንደሁልጊዜው መዳፏ ላይ አደረግኩላት።

«እማዬ፣ ይሄን ልግዛ?»

በአውራ ጣቷ አሸችው። ወደ አፍንጫዋ አነሳችው። ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደሁልጊዜው። ጊዜ ወሰደች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ጣፋጭ ሽታ አለው። የካ ማው ነው?»

«አዎ» አልኩ። «የካ ማው ነው።»

ተመልሼ ሱቁን ዘጋሁ። ደንበኛ ቆሞ ነበር። ነገ ይምጣ።

ኖቬምበር 14

ዱየንን ልብስ ማጠቢያው ጋ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንድ ሸሚዝ አነሳሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ምን እንደምጠይቅ አልጠየቀችኝም። እጇ ሳሙናው ውስጥ ቆመ። «ማሽተት ያቆሙት ከታመሙበት ከዚያ ትኩሳት በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ምግብ ይጣፍጣቸዋል አይጣፍጣቸውም አላውቅም። የሚለዩት ጨውና ጎምዛዛውን ብቻ ነው... ሌላውን እኔን ይጠይቁኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሙታን መሠዊያ ፊት አስማሉኝ። ለኮአም የነገርኩት ባለፈው ወር ነው፣ ፈርቼ። እትዬ ሊው፣ እናታችን ምን አሉ መሰለዎት? ‹ሊው በዚህ ዓለም የምታምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የኔን አፍንጫ። ካወቀች ሽሪምፕ ይዛ መምጣት ትተዋለች።›»

ሸሚዙን ጨመቅኩ። ሁለቴ። ሦስቴ።

«ይደርቅልዎታል፣ ይተዉት» አለች።

ስለ ኮሚሽኑ ነገርኳት። ልደብቃት ፈልጌ ነበር፣ ግን የጠረጠርኩትን ሰው ፊት ለፊት አለመንገር አልወድም። አፏን ከፍታ ቀረች፣ ከዚያ በሳሙና እጇ ፊቷን ሸፍና ሳቀች። «ሎክ? ሎክ እኮ ለሠርጌ የሰጠኝ ድስት የሚያፈስ ነበር!»

ይቅርታ ማለት አልለመድኩም። ልብሱን እስከ መጨረሻው አብሬያት አሰጣሁ።

አሁን ምድጃው። በቀዝቃዛ ጭንቅላት።

ጋዝ፦ ማንኛውንም ድስት ይቀበላል፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ግን አደጋው የሚታወቀው በማሽተት ነው። ወጣ።

የማግኔቱ፦ ጋዝ የለውም፣ መስታወቱም ብዙ አይግልም። ግን ሸክላውን አይቀበልም። ሸክላውን መቀማት እናቴን መቀማት ነው።

ከሥሩ ቀይ የሚያበራው የመስታወት ምድጃ፦ ሸክላም አሉሚኒየምም ያበስላል። ከጠፋ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ትኩስ ነው፤ ትኩስ መሆኑን በመብራት ያሳያል። የእናቴ ዓይን ደህና ነው። መርፌ ላይ ክር ትሰካለች።

እንግዲያው በአንድ ምድጃ ላይ፣ አንዱ በኩል ማግኔት ለዱየን፣ አንዱ በኩል ቀዩ ለእናቴ። በሰዓቱ ራሱን የሚያጠፋ። ከቆጣሪው ለብቻው የሚመጣ ወፍራም ሽቦ። ኮአ ቀጭኑን አስገብቶ ከሆነ ግድግዳው ይፈረሳል፣ አልቅሶም ቢሆን።

ኖቬምበር 15

ማንም ከማያውቀኝ ሱቅ፣ ከድልድዩ ማዶ ገዛሁ። ገለበጥኩ። ጽሑፉ ያልተቀደደ። የእናቴን ሸክላ ድስት ጭኜ ውኃ አፈላሁ። ሽቦው ሞቀ ወይ ብዬ ዳሰስኩ። ከዚያ ሌላ ውኃ አፈላሁ።

ባለሱቁ አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ምድጃውን ልትገዢው ነው ወይስ ልታገቢው?»

«ባገባው ኖሮ ይህን ያህል አልመረምረውም ነበር።»

ለእናቴ ምክንያት ማዘጋጀት ነበረብኝ። «የጋዝ ሻጮቹ ሲሊንደሩን አጉድለው ይሞላሉ፣ ስለዚህ ተውኩት» አልኳት። የሚያሳምን ነው፣ ከኔ የሚጠበቅ ነው።

ትኩር ብላ አየችኝ።

«ያን ሽሪምፕ ከያዝኩ በኋላ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዱየን እጄን ሁለቴ በሎሚ አሳጠበችኝ።»

የምድጃውን ካርቶን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ምን ነበር ያመጣሽልኝ፣ ሊው?»

ተነስታ ገባች።

ታውቃለች። ማወቄን ታውቃለች። በገዛ እናቴ ላይ ወጥመድ ዘረጋሁ... እንደዚያ የሽሪምፕ ነጋዴ።

ኖቬምበር 19

አራተኛ ቀን ኩሽና አልገባችም። ጉልበቴን ነው ትላለች። «ከእንግዲህ ዱየን ታብስል። አዲስ ቤት፣ አዲስ ምድጃ፣ አዲስ አብሳይ።» በፈገግታ ነው የምትለው። ፈገግታውን አላምነውም።

ትክክለኛውን ምድጃ ገዝቼ አብሳይዋን አጣሁ?

ኖቬምበር 22

አዲስ ሽሪምፕ ወሰድኩላት። ጥሩውን። «አንቺ ራስሽ አሽቺው» አለች። እጇን አልዘረጋችም።

ኖቬምበር 25

የኮአ ነገር! ቤት የምንገባው በሃያ ስምንት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ቀኑን የመረጡት ቀን ቆጣሪው አዛውንት ናቸው። ያን ቀን ከሁሉም በፊት ደጁን የሚያልፈው የነደደ እሳት ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ወንድሜ ግን ሽቦውን ልሞክር ብሎ ዛሬ ምድጃውን አስገብቶ ገጥሞታል። ራት ላይ በኩራት ነገረን።

እናቴ ተነሳች። ጉልበቷ የት ሄደ?

«ቀዝቃዛ ምድጃ? ከእሳቱ በፊት? ባዶ ቤት ውስጥ?»

«እማዬ፣ አልበራም እኮ፣ ገጠምኩት ብቻ...»

«አለመብራቱ እኮ ነው የከፋው፣ አንተ የዱባ ራስ! የሞቱት አያቶችህ መጥተው ብርድ ሊመታቸው ነው? አውጣው!»

«ማጣበቂያው ሲሊኮን ደርቋል!»

«ምላስህም ቢደርቅ ጥሩ ነበር። ነገ ታወጣዋለህ፣ በሃያ ስምንት ከኔ ኋላ ይዘኸው ትገባለህ። ከኋላ!»

ዱየን ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔ መብላቴን ቀጠልኩ። እንዲህ ስትጮህ ከሰማኋት አሥር ቀን ሆኗል። ኮአን ልስመው ነበር።

ኖቬምበር 28

ገባን።

እናቴ ፊት፣ የከሰል ምድጃዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፍሙ ቀይ። ላግዝሽ ብላት ገፋችኝ። ከኋላዋ ኮአ ምድጃውን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ጠርዙ ላይ የተቀደደ ሲሊኮን ተንጠልጥሎ። ከዚያ ሩዝ፣ ውኃ፣ ጨው። ጎረቤቶች ቆመው ያያሉ። ልስቅ ነበር፣ አልሳቅኩም።

ኮአ ሲገጥም እናቴ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። ሲጨርስ መስታወቱ ፊት ቆመች። ወጣ ልትል ነው አልኩ። ዱየንን «ዓሣውን አምጪው» አለቻት።

ዓሣውን በሸክላ ድስቱ ደረደረች። ስኳር፣ የዓሣ ስጎ፣ በርበሬ። ቀዩን በኩል አበራች። ከመስታወቱ ሥር ያለው ቀለበት ሲቀላ ጎንበስ ብላ አየችው። «እሺ፣ ቢያንስ ቀልቷል» አለች። «አማልክቱ ተቀምጠው ይሞቁበታል።»

ቤቱ ሰው ሞላው። አክስቶች፣ ጎረቤቶች፣ ግንበኞቹ ጭምር። ሳሎን ተቀምጬ ሻይ እቀዳለሁ። ያን ጊዜ ነው ከኩሽና የጠራችኝ፣ ሁሉም እስኪሰማ።

«ሊው! ነይ እዚህ!»

ሄድኩ። ክዳኑን አንስታለች። እጇ ማጥፊያው ላይ ነው።

«እኔ አይሸተኝም» አለች። ድምፅዋን አልቀነሰችም። አክስቶቼ ከሳሎን ዞረው አዩ። «ንገሪኝ። ከሥሩ መያዝ ጀምሯል ወይስ ገና ነው?»

ድስቱ ላይ ጎንበስ አልኩ። እንፋሎቱ ፊቴን ሸፈነኝ። ስኳሩ፣ ስጎው፣ ስቡ... ማረር የለበትም። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ አሽትቼ አላውቅም።

«ገና ነው» አልኩ። «ሁለት ደቂቃ ይቆይ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ትንሽ አየችኝ። እኔ ነጋዴዎቹን እንደማያቸው። ከዚያ እጇን ከማጥፊያው ላይ አነሳች፣ ክዳኑን መለሰች፣ አጠገቤ ቆማ ጠበቀች።