ከበጎቼ የተረፈ ውሃ

ይድረስ ለእህቴ ለሞራግ፣ ስካይ ደሴት፤

እንደምን ከርመሻል? የጉልበትሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይስ ከዝናቡ ጋር ተመልሶ መጣ? ባልሽን ኒልንስ ሳሉ ለቀቀው? አክስታችን ፍሎራ ዛሬም ከሁላችሁ ቀድማ ትነሳለች? ጣሪያው የባሕሩን ነፋስ ቻለው? እኔ ከሁለት ጥርስና ከአንድ ባርኔጣ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። በጎቹም ደህና ናቸው፤ ስድስት መቶ አርባ ደርሰዋል።

የግንቦቱ ደብዳቤሽ በነሐሴ ደረሰኝ። «ሰው በሚጠሉት ሰዎች መካከል አያረጅም፤ በጎቹን ሽጥና ወደ አገርህ ተመለስ» ብለሻል። መልሴ የዘገየው ተቀይሜ አይደለም። መቀየሙንስ ተቀይሜያለሁ፤ ነገር ግን መልሱን የያዘብኝ አንድ ኮርማ ነበር።

መጠላቴስ እውነት ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እኔ ግን እዚህ ብሮክን አክስል ከተማ ከገባሁበት ሰዓት ጀምሮ ብረት ነኝ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከተማው የከብት አርቢዎች ነው። ላም የሰረቀ ሰው እንኳ ከመሰቀሉ በፊት አንድ መለኪያ ውስኪ ይጋበዛል፤ በግ የሚያረባ ሰው ሱቅ ሲገባ ግን አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ፀጉር አስተካካዩ አምብሮዝ ቲል፣ የከተማው ዳኛም እሱ ነው፣ አንድ ቀን ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ «ሽማግሌው፣ ልላጭህ ወይስ ልሸልትህ?» አለኝ። ቤቱ ያለው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ።

ከጥላቻቸው የከፋው ግን እምነታቸው ነው። በግ የጠጣበትን ውሃ ከብት አይቀምሰውም ይላሉ፤ ሽታው ስለማይለቅ ከብቱ በጥም ይሞታል ይላሉ። ማን አየ ብለሽ ብትጠይቂ ሁሉም ከሌላ ሰው የሰማ ነው። እኔን ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴን አስተምሬ ስለ ከብት የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ይህ ነገር የትም የለም። የአባታችን ላምና በጎች ከአንድ ኩሬ ሲጠጡ አንቺም አይተሻል።

ዘንድሮ የኮረብታው ምንጮች በሐምሌ ደረቁ። ከከተማው በታች ካለው ወንዝ በቀር ለመንጋ የሚበቃ ውሃ ጠፋ። ወንዙ የማንም አይደለም። ሆኖም የከብት አርቢዎቹ አውራ ሚስተር ፕሪቸት ለድንበር ምልክት ሦስት ዛፎችን በመጥረቢያ ላጥ ላጥ አድርጎ «ከዚህ ያለፈ በግ ሥጋ ነው፤ ከዚህ ያለፈ እረኛም እንደዚያው» ብሎ አስነገረ። በማግስቱ ከአጥሬ መግቢያ ላይ የመስቀያ ሸምቀቆ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ገመዱ አዲስ ነው፣ ጠንካራ። ሸምቀቆውን ፈታሁና የውሃ ባልዲዬን አሰርኩበት።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ወንዙን ካጣሁ መንጋው በሁለት ሳምንት ያልቃል። መንጋው ካለቀ ደግሞ አንቺ ቤት መጥቼ የእህቱን ባል ሾርባ የሚጠጣ ሽማግሌ መሆኔ ነው።

ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ረግጬው ወደማላውቀው መጠጥ ቤት ገባሁና ለፕሪቸት በሰው ሁሉ ፊት ነገርኩት። ኮርማህ ይፍረደን አልኩት። ሁለት ገንዳ ይቀመጥ፤ አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ በጎቼ የጠጡበት። ኮርማው የበጎቼን ውሃ ከተወ መንጋዬን ነድቼ ከአገሩ እወጣለሁ፤ ከጠጣ ወንዙ የእኔም ነው። ፕሪቸት እስኪያስለው ሳቀ። የከብት ጠባቂዎቹ አለቃ ጄብ «አያ በጌ፣ ሴናተር እኮ ካንተ የተሻለ አፍንጫ አለው!» አለ። ሴናተር የኮርማው ስም ነው፤ በባቡር የመጣ፣ ከከንቲባው ይልቅ የሚከበር ኮርማ ነው። ውሉን ራሴ ጻፍኩት፤ ሁለታችንም ፈረምን፤ ቲል ማኅተም መታበት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከተማው ወጥቶ አደባባዩን ሞላው፤ ጣሪያ ላይ የወጣም ነበር። ገንዳዎቹን ያዋሰችን ልብስ አጣቢዋ ዊኒፍሬድ ናት። እሷም አትወደኝም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሸሚዝ አላሳጠብኳትም። አሥር በጎቼ ከአንደኛው ገንዳ ጠጥተው አፋቸውን ለቀለቁበት። ከዚያ ጄብ ሴናተርን ጥብጣብ አስሮለት እየሳበ መጣ።

ኮርማው የበጎቹን ገንዳ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ባርኔጣ ወደ ሰማይ ወጣ። «ጓዝህን ጠቅልል፣ ሽማግሌ!» «መንገዱን በጎችህ ያሳዩህ!» ይሉኝ ጀመር። እኔ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ንጹሑንም ይሞክር አልኩ። ሞከረ። እሱንም አሽትቶ ተወው። ንጹሑን ውሃ ያበላሸው የማን በግ ነው ብዬ ብጠይቅ ቲል መነጽሩን እየጠረገ «ኮርማው ሁለቱንም ንቋል፤ ስለዚህ ፍርዱ ለባለ ኮርማው ነው» አለ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከምላጭ ሌላ ነገር ካላነበበ ሰው አፍ የሚወጣ ነው።

በዚህ ጊዜ ሴናተር የኋላ እግሮቹን ፈርከክ አደረገ። ፕሪቸት እጄን ሊጨብጥ ሳይሆን ሊያሾፍብኝ ጠጋ ብሎ ኖሮ ልክ ከኮርማው ሆድ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሽንቱ የፕሪቸትን አዲስ ቦት ጫማ ሞላና ፈሰሰ። አላቆመም። ቲል ከኪሱ ሰዓቱን አወጣ። ኮርማው አሁንም አላቆመም። ያን ጊዜ ዊኒፍሬድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ኧረ ጄብ! ይህ ከብት ጠዋት ወንዙን ጨርሶ ነው እንዴ የመጣው?» አለች። ጄብ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ኮርማው እንዳይጠማ ንጋት ላይ ወስዶ ሆዱ እንደ ከበሮ እስኪወጠር አጠጥቶት ኖሯል።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ በእኔ ላይ ያልሆነ ሳቅ በዚህ ከተማ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቲል አፍሮ ፍርዱን ሻረ፤ ኮርማው ያለ ውሃ በፀጉር ቤቱ ጓሮ እንዲታሰር አዘዘ። እኔና ጄብ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንጠብቀው አደርን። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሲፈታ ሴናተር ጄብን በአፈር ላይ እየጎተተ መጣና የበጎቼን ውሃ እስከ ታች ጨልጦ ገንዳውን ላሰ።

ይህን ያህል ካየ በኋላ ሰው ይቅር በለኝ የሚል መስሎሽ ከሆነ ይህን አገር አታውቂውም። ፕሪቸት «ሽማግሌው ኮርማዬን አበላሸው» እያለ ያወራል። ባለ ሱቁ ዛሬም ጨው የሚሸጥልኝ ሌላው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። ይሁን። መንጋዬ ወንዙ ላይ ነው፤ ማኅተም ያለበት ውልም ከእኔ ዘንድ ነው። እዚያ እየወደዱኝ እራብ ነበር፤ እዚህ እየጠሉኝ በጎቼ ሰብተዋል። ስለዚህ አልመጣም። ይህን ጉዳይ ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ።

ኮርማው ግን ከዚያ ወዲህ የፕሪቸትን አጥር እየጣሰ በየጠዋቱ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ከበጎቼ ጋር ከገንዳዬ ይጠጣና አልሄድም ይላል። በየጠዋቱም ጄብ ሊወስደው ይመጣል፤ ሰላም አይለኝም። እኔ ባልዲውን ይዤ ፊት ፊት ብሄድ ኮርማው ይከተለኛል፤ ጄብ ይህን ያውቃል። ይኸው አሁንም፣ እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ ስጽፍልሽ፣ እሱ ከፊቴ እየጎተተው ነው። ሰላም እስኪለኝ አልነሳም። እስከዚያው ሰላምታዬን ልጨርስ።

ኒል በነፋስ ጊዜ ወደ ባሕር እንዳይወጣ ንገሪው። ለአክስታችን ፍሎራ እጅ ንሺልኝ፤ በልጅነቴ የመታችኝ ሁሉ የሚገባኝ እንደነበር አሁን አምናለሁ፣ ከአንዱ በቀር። ልጅሽ ኢሽቤል የምታገባው ሰው ማንበብ የማይችል ከሆነ ከሠርጉ በፊት ታስተምረው። ለጎረቤታችን ለዶናልድም፣ ድንበሩን ካልገፋ፣ ሰላም በይልኝ።

የጄብ ገመድ አሁን ተበጠሰና ጄብ ወደቀ። አፈሩን አራግፎ ተነሳና ባልዲዬ የታሰረበትን ገመድ ትኩር ብሎ ያያል። ያውቀዋል፤ ሸምቀቆውን የቋጠረው እሱ ነው። ባርኔጣውን አወለቀ። «እንደምን አደሩ፣ አባባ» አለ። «ያቺን ገመድ ቢያውሱኝ?»

ሰላም ካለኝ እንግዲህ ባልዲዬን ይዤ ልነሳ። ገመዱን ግን አላውሰውም።

ወንድምሽ ላክላን
ብሮክን አክስል፣ ዋዮሚንግ
ኦክቶበር 9 ቀን 1886