መንበረ የማትሳፈርበት መኪና

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ሸዋረገጥ፣

እንደምን ከርመዋል? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አድርጎዎታል? ጉልበትዎን ያመመዎ ነገር ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ይይዝዎታል? ዓይንዎ ደህና ከሆነ ይህን ራስዎ ያንብቡት። ካልሆነም ምራትዎ ፍቅር ታንብብልዎት፤ ልጅዎ ዮኤል ግን እንዳያነበው፣ መሃሉ ላይ ሲደርስ ይስቅብኛል። እኛ እዚህ ሁላችንም በሕይወትና በጤና አለን። ዝናቡ ዘንድሮ ገና በግንቦት ገባና የግቢያችን አጥር ሻጋታ አበቀለ፤ ልብስ አልደርቅ ብሎ ቤቱ ሁሉ እርጥበት እርጥበት ይላል። ከዚህ በቀር ደህና ነን።

በፋሲካ ማግሥት በላኩልኝ ደብዳቤ፣ ዮኤል ለቤተሰቡ ከፍ ያለች መካከለኛ መኪና ሊገዛ ማሰቡን ነግረውኝ «አንተ አጣርተህ የገዛህ ሰው ነህና ምከረው» ብለዋል። ሁለት ወር ሙሉ ያልመለስኩልዎ ረስቼ አይደለም። አጣርቼ ስለ መግዛቴ እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው። በስልክ እንዳልነግርዎ መስመሩ በየመሃሉ ይቋረጣል፣ እኔም እጮኻለሁ፤ ስጮህ ደግሞ ባለቤቴ መንበረ ከጓዳ ትሰማለች።

መኪናዋን ለምን እንደፈለግናት ያውቃሉ። መንበረ የዛሬ ሦስት ዓመት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በሰው መሃል ተጨናንቃ ረጅም መንገድ መሄድ ይከብዳታል። እናቷ እማማ ብርሃንነሽ ደግሞ ከአጋሮ ወዲያ፣ ከዋናው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ባለው የቡና መሬታቸው ላይ ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ይኖራሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጅማ ይምጡ ስንላቸው ቡናዬን ለማን ትቼ ይላሉ። ያቺ ሦስት ኪሎ ሜትር በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ናት። እንግዲህ መንበረ በየሳምንቱ እናቷን እንድታይ፣ ቢዘንብም እንዳትቀር ስል ነው ስንት ዓመት ያጠራቀምነውን አውጥቼ መኪና ልግዛ ያልኩት።

ሥራዬን ያውቃሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ቡና ስመረምር ኖሬአለሁ፤ ከጆንያው ናሙና አውጥቼ የተበሳውን፣ የጠቆረውን፣ የሻገተውን ፍሬ አንድ በአንድ እየለቀምኩ እቆጥራለሁ። መኪናውንም የያዝኩት እንደዚያ ነው። ደብተር ገዛሁ፣ አሰመርኩ። በስምንት ወር ውስጥ በጅማና በአዲስ አበባ ዐሥራ አራት መኪና አየሁ። ደላሎቹ መጀመሪያ ጋሼ ጋሼ ይሉኝ ነበር፤ ኋላ ስልኬን ማንሳት ተዉ። አንዱ ወንበሯ ላይ ሽቶ የረጨባትን መኪና አምጥቶ፣ አንዲት ሐኪም ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሄደችባት ናት ብሎ ማለልኝ። ምንጣፉን ገልጬ አሸተትኩ። ስንት ኩንታል የሻገተ ቡና ያስመለሰ አፍንጫ ነው፤ ውሃ የገባባት መሆኗን ነገርኩት። «ጋሼ፣ የሚገዙት መኪና ነው ወይስ ሽሮ?» ብሎኝ ሄደ። ልጄ ናርዲ ደግሞ ቤት በገባሁ ቁጥር፣ አባ የዛሬዋ ስንተኛ ደረጃ ወጣች እያለች ታሾፍብኛለች።

ለዮኤል የሚጠቅመውን ልጻፍለት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይመን፤ ወደኋላ ይመለሳል። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ ይመልከት፤ ቆጣሪው ስልሳ ሺህ እያለ ላስቲኩ ካለቀ ሻጩ ዋሽቷል። ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ ሄዶ ራሱ ያስነሣት፤ ቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው። ከሥሯ ተኝቶ ይይ፤ ልብሱ ይቆሽሻል፣ ይቆሽሽ። መለዋወጫዋ ቢያንስ አዲስ አበባ ባንድ ቀን የሚገኝላትን ይምረጥ፤ ቆንጆ ናት ብሎ አገር ውስጥ ሦስት ብቻ ካሉት አንዷን አይግዛ። የኋላ ወንበሯ ሦስት ሰው ሳያጋፋ የሚያስቀምጥ፣ ሲታጠፍ ደግሞ ጆንያ የሚይዝ ይሁን። እኔ ከሁሉ ይልቅ የተጨነቅሁት ከመሬት እስከ ሆዷ ባለው ከፍታ ነበር፤ ለአጋሮው ጭቃ ስል። በሜትር ለካሁ፣ ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር። አራቱም ጎማ ይጎትታል። ከዐሥራ አራቱ አንደኛ ወጣችና በጥር ገዛኋት።

ግቢ በገባች ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ መረቀን። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ሱዓድ ማሻአላህ እያለች ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ አደለች። መንበረ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ዞር ዞር ልንል መጣች። መግባት አቃታት። ብብቷን ይዤ፣ ከኋላ ደግፌ አስገባኋትና ከተማውን ዞረን ተመለስን። እኔ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ሞተሯ ምን ያህል ጸጥ ያለ እንደነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አጋሮ እንሂድ ስላት ራሴን አሞኛል አለች። በሁለተኛው ማኅበር ደረሰባት። በሦስተኛው እጥበት ነበረባት። ጾሙ ሲገባ ድካም፣ ፋሲካ ሲመጣ እንግዳ። እኔ ዓርብ ዓርብ የጎማውን ነፋስ አስለክቼ፣ መስታወቱን ወልውዬ እጠብቃለሁ፤ ጠዋት ሌላ ምክንያት ይወጣል። እስከዚያው መኪናዋ ለሰው ሁሉ ትሠራ ነበር። ሁለት ሙሽራ አጀበች፣ የዕድሩን ድንኳን ጫነች፣ ከቦሳ አዲስ ሰፈር አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል አደረሰች። መሪዋን ለሌላ ሰው አልሰጥም በማለቴም ሁለት ጎረቤቶች እስካሁን አኩርፈውኛል። የተገዛችላት ሰው ብቻ አልተቀመጠችባትም። ተናደድኩ። አንድ ጠዋት፣ እናትሽን ለማየት ምን ዓይነት መኪና ይምጣልሽ ብዬ በናርዲ ፊት ተናገርኳት። ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች።

በግንቦት አጋማሽ፣ ማክሰኞ ቀን፣ በመሥሪያ ቤት መኪና ለሥራ አጋሮ ሄድኩ። ሥራዬን በጊዜ ጨርሼ፣ ስኳርና ሳሙና ገዝቼ እማማ ብርሃንነሽ ዘንድ ገባሁ። ምነው ጠፋችሁ ብለው እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን መርቀው ተቀበሉኝና መንበረን በየሐሙሱ ስለምልክላቸው አመሰገኑኝ። የሚሉት አልገባኝም። ሐሙስ እኔ ቢሮ ነኝ። ለካስ ሱዓድ ለሱቋ ዕቃ ልትገዛ አጋሮ ስትመጣ መንበረም አብራት ትመጣለች፤ እስከ መገንጠያው በሚኒባስ፣ ከዚያ እስከ ቤቱ በባጃጅ። «ግን ልጄ፣ ዝናቡ ገባ» አሉኝ። «ባለፈው ሐሙስ ባጃጁ ጭቃው ላይ አልሄድም ብሎ ከመንገድ መለሳቸው። እንግዲህ እስከ መስከረም አንተያይም ማለት ነው።» ከስተዋል። ኩባያውን የሚያነሡት በሁለት እጃቸው ነው። እስከ መስከረም ሲሉ ዓይኔን ከእጃቸው ላይ አነሣሁ።

ቤት እንደ ገባሁ መንበረን ጠየቅኋት። እውነቱን ለመናገር አልጠየቅኋትም፣ ጮህኩባት። ተደብቀሽ ትሄጃለሽ፣ ባሏ መኪና አቁሞ እሷን በሚኒባስ ያንገላታታል እንድባል ታደርጊያለሽ አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «አልችልማ፣ ገብሬ። እግሬ እዚያ ላይ አይደርስም» አለችኝ። ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ብነግርህ ትቆጣለህ። ትሸጣታለህ። ከዚያ ሌላ ስምንት ወር ስለ መኪና እሰማለሁ።»

ቀጥላም ያንን የመጀመሪያውን ቀን ነገረችኝ። ሳስገባት «አንቺም እስቲ ትንሽ ጉልበት አውጪ፣ ጆንያ አይደለሽም» ብያት ኖሯል። እኔ አላስታውሰውም። እሷ ግን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፤ ማን ማን ቆሞ እንደሰማም ታውቃለች። ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ተሰብስቦ እንደነበረም ነገረችኝ። ሱዓድ ስትደግፈኝ ማንም ዞሮ አያይም፣ አንተ ስታነሣኝ ሰፈሩ ቆሞ ያያል አለች።

እትዬ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ከሰው ሁሉ ይልቅ ያውቁኛል። ቁጣዬ ቶሎ ስለሚበርድልኝ ሰውም እንደ እኔ ቶሎ የሚረሳው ይመስለኝ ነበር። ሚስቴ በዚያ ዳሌዋ በሚኒባስ መጋፋትን ከእኔ ቁጣ መርጣለች። ይህን ከሰማሁ ወዲህ አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ የምዘጋበት ቀን በዝቷል። ናርዲ አሞህ ነው ወይ ትለኛለች።

በማግሥቱ ሜትሬን ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። የሚኒባሱን መርገጫ ለካሁ፤ ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር። የባጃጁን ለካሁ፤ ሃያ ስምንት። ተራ አስከባሪው መጥቶ «ጋሼ፣ ሊገዙት ነው ወይስ ሊከሱት?» አለኝ። የእኔዋ ከመሬት እስከ በሩ ደፍ አርባ ስምንት ናት። ደብተሬን ገለጥኩ። የጎማ ልክ አለ፣ የባትሪ ዕድሜ አለ፣ የግንባሩ መስታወት ጭረት አለ። የደፍ ከፍታ የሚል የለም። ዐሥራ አራት መኪና ሳይ መንበረን አንድ ቀን እንኳ አብረሽኝ ነይ አላልኳትም። ስለዚህ ለዮኤል ከጻፍኩት ሁሉ አስቀድመው ይህን ይንገሩልኝ፤ ከመክፈሉ በፊት እርስዎን ይዞ ይሂድ። ሻጩም ዮኤልም ዞር ይበሉና እርስዎ ብቻዎን ገብተው ይውጡ። ጉልበትዎ እምቢ ካለ፣ ሞተሯ የቱንም ያህል ደህና ቢሆን ያቺ መኪና ለእናንተ ቤት አትሆንም።

ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ደሬሳ የሚባል በያጅ አለ፤ መኪናዬን ወደ እሱ ወሰድኳት። መጀመሪያ የብረት በርጩማ ልሥራና መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፣ እትዬ መንበረ ስትገባ ያውርዱላት አለኝ። መኪናዋም አትነካም፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ለመንበረ ነገርኳት። በርጩማ የሚያወርድልኝ ሰው ቆሞ መቼ ብቻዬን ገባሁ አለች። ልክ ናት። እንግዲያው ከጎኗ የሚበየድ ቋሚ መርገጫ፣ ከበሩ ውስጥም የምትይዘው እጀታ ይሁን አልኩት። ደሬሳ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ፣

«ኦቦ ገብረሥላሴ፣ መርገጫውን ዐሥራ ስምንት ላይ ካወረድኩት ለእትዬ ይመቻል፤ የአጋሮ ጭቃ ግን ይይዘዋል። ከፍ ካደረግሁት ጭቃው ይተወዋል፤ እትዬ ግን ትቀራለች። የቱን ልሥራ?» አለኝ።

ስምንት ወር የለፋሁበት ከፍታ ያ ነበር። ዝቅ አድርገው አልኩት። ከዚያም ብየዳው ጠሟል ብዬ ሁለት ጊዜ አስፈታሁት። በሦስተኛው፣ «ኦቦ፣ ይሄ ብረት ነው እንጂ ቡና አይደለም» ብሎ መሣሪያውን አስቀመጠ፤ እኔም ተውኩት። አሁንም በስተኋላ በኩል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ዘንበል ይላል።

ትናንት ቅዳሜ ወጣን። ጠዋት ዘንቦ አባርቶ ነበር። መንበረ ለእናቷ ያዘጋጀችውን ከኋላ አስጫነችና «አንተ ግባና ተቀመጥ። ወደፊት እይ» አለችኝ። መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። የጎን መስታወቱን እንዳላይ ዓይኔን የሱዓድ ሱቅ በር ላይ ተከልኩ። ሱዓድም ነገሩ ገብቷት ጀርባዋን ሰጥታን መደርደሪያዋን ትወለውላለች። መርገጫው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ከዚያ ዝም አለ። ልውረድ እያልኩ አልወረድኩም። እንደገና ተንቋቋ፣ እጀታው ተያዘ፣ ትንፋሿ ተሰማኝ። በሩ ተዘጋ። «እንሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

እስከ አጋሮ ድረስ ስለ ናርዲ ትምህርት ስናወራ ሄድን። ጭቃው ላይ ስንደርስ ደሬሳ ያለው ሆነ። የመንገዱ ጠርዝ መርገጫውን ሲፍቀው ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ገባ። መንበረ ወደ እኔ ዞረች። «ነካ» አለችኝ። «ይንካ» አልኳት። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ነካ፤ እሷም አልዞረች፣ እኔም አልቆምኩም። እማማ ብርሃንነሽ የሞተር ድምፅ ሰምተው በረንዳው ላይ ወጥተው ነበር፤ ማን እንደመጣ ለመለየት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገዋል። መንበረ በሩን ራሷ ከፍታ፣ ቀስ ብላ እየረገጠች ወረደችና ጭቃውን እየመረጠች ወደ እናቷ ሄደች። ተቃቅፈው ብዙ ቆሙ፤ ከዚያም ገቡ። እኔ ወደኋላ ቀርቼ እንጨት ፈለግሁና መርገጫው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ጠረግሁ፤ ስትመለስ እንዳያዳልጣት።

መንበረ ዛሬ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ጉልበትዎን ስሜያለሁ በልልኝ ብላለች። ናርዲም ከወንበሯ ተነሥታ እጅ ትነሣለች። ለዮኤል፣ ከቆጣሪው ይልቅ ፔዳሉን ይይ ይበሉልኝ። ለፍቅር፣ ይህን እያነበበች ላደከምኳት ሰላምታዬ ይድረሳት። ለልጅ ልጅዎ ለትንሹ አብነት ሁለቱንም ጉንጩን ይሳሙልኝ። ጎረቤቶችዎን ሁሉ ስለ እኔ ሰላም ይበሉልኝ፤ እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

ወንድምዎ
ገብረሥላሴ

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ሰኔ 21 ቀን 2001 ዓ.ም.