የእናቴ ክፍል ጥግና የመምሬ ጉቶ

ግንቦት 6፣ ጠዋት
የባቄላው ጭነት ሳይደርስ የእናቴን በር አስላግኩ። እንደገና። በሩ አላበጠም፤ ቤቱ ነው የሰመጠው። የጓሮው ጥግ ወርዶ ግድግዳው ከመስኮቱ እስከ ወለሉ ተሰንጥቋል። ጣት ይገባል። ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል እናዛውርሽ ብላት እምቢ አለች። «ቤቱ ከእኔ ቀድሞ አይወድቅም!» አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች፤ በዚያ መስኮት የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ታያለች። ለመጋዘኔ ሠራተኞች የልስን ስንጥቅ ነው ብያለሁ። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ግን ልንገርህ፦ ልስን አይደለም።

ግንቦት 14፣ ከሰዓት
ቤቱን እንዲያይልኝ ያስጠራሁት ኢ/ር ዳንኤል ከባ/ዳር መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ንጹሕ። መሬቱ ዋልካ ነው አለ። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ያደረቀው ደግሞ የጎረቤቴ የመምሬ ጥበቡ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሥሩ ከመሠረቴ በታች ገብቷል። መድኃኒቱ፦ ዛፉ ይነሣ፣ ክረምቱ ይለፍ፣ ከዚያ ወለሉን በቀጭኑ በስቶ ሬንጅ የመሰለ ፈሳሽ ይወጋል። ፈሳሹ አፈሩ ውስጥ ኩፍ ብሎ ይደርቃል፣ ቤቱን ያነሣል።
ሳላይ አልገዛም አልኩ። ሁለት ፈሳሽ በጣሳ ቀላቀለ። እንደ ሊጥ ተነሣ፣ ከጣሳው ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ተረከዜን ጫንኩበት። ንቅንቅ አላለም። ተስማማሁ።

ግንቦት 16
መምሬ ዘንድ ሄድኩ። ዛፉን ይሽጡልኝ አልኳቸው። ምን አደረገሽ አሉ። ከቤቴ ሥር ውሃ እየጠጣ ነው አልኩ። «ውሃ ከሆነ ይጠጣ ልጄ፣ ጠላሽን እንዳይነካ እንጂ» ብለው ሳቁ። ሸጡልኝ። ነገ ይቆረጣል።

ኅዳር 4፣ ማታ
የመውጊያው ማሽን ደረሰ። መጀመሪያ የመጋዘኑን ጥግ ወጉ፤ ያ የወረደው ከጣሪያ በሚወርድ ውሃ ነው፣ አሸንዳውን አስጠግኛለሁ። ቱቦው አጉረመረመ። ወለሉ ሲነሣ በዓይን አይታይም፤ ኢ/ሩ ያቆመው መለኪያ ላይ ያለችው ቀይ መስመር ግን ተነሣች። የመጋዘኑ ስንጥቅ ገጠመ። ደስ አለኝ መሰለኝ።
ከዚያ ኢ/ሩ ወደ ጓሮ ዞረ። የዛፉ ጉቶ አቆጥቁጦ ከእሱ ቁመት በልጧል። ዛፉ ይነሣ አላልኩም ወይ አለኝ። ተነሥቷል አልኩ። «ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?» በእኛ አገር ባሕር ዛፍ ሲሸጥ ግንዱ ነው። ጉቶው ለባለቤቱ ያቆጠቁጣል። ሕፃን ያውቀዋል። እሱ የዚህ አካባቢ ሰው አይደለም፤ እኔም መጠየቅ አልታየኝም።
ከሥር የሚጠጣ እያለ የእናቴን ጥግ አልወጋም ብሏል። ከሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ ሥራ ይዟል፤ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

ኅዳር 5
መምሬ በትሕትና ነው የረቱኝ። «ግንዱን ሸጥኩልሽ። ጉቶውን መች ጠየቅሽኝ?» እውነታቸውን ነው፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የገዛሁት እንደዚያው ነው። ጉቶውን ለብቻው ልግዛ አልኩ። እምቢ። የመጨረሻ ልጃቸው ስትዳር የቤቷ ማገር ከዚያ ነው። «ጉቶ እንደ ላም ነው። ጥጃዋን ትሸጫለሽ፣ ላሟን ግን?»
ስመለስ እናቴ ተኝታለች። ስንጥቁ ከራስጌዋ በላይ ነው። ለካሁት። ሰፍቷል።

ኅዳር 6
ከከተማው በታች የራሴ ባሕር ዛፍ አለኝ። ለማሠራው አዲስ መጋዘን ጣሪያ ያቆየሁት። ጠዋት መምሬን ይዤ ወረድኩ። ላም በላም እንለዋወጥ አልኳቸው። ልጡን ዳበሱ፣ ቀና ብለው ጫፉን አዩ። «ከነጉቶው?» ከነጉቶው አልኩ። ትንሽ ሄደው ዞሩ። «ከነጉቶው ነው ያልሽው?» አዎ አባቴ። መረቁኝ። አዲሱ መጋዘን ይቆያል።

ኅዳር 9፣ ጠዋት
ጉቶው ተነቅሏል። በእሳቸው ግቢና በግድግዳዬ መካከል ቦይ ተቆፍሮ ወፍራም ላስቲክ ተቀብሯል፣ የቀረ ሥር እንዳያልፍ። የእናቴ ክፍል ወለል ተበስቷል። ኢ/ሩ ሰው ይውጣ ይላል። ልስን ሊረግፍ፣ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሌላ አደጋ የለውም ብሏል።
ልናወጣት ገባን። አልጋውን በሁለት እጇ ያዘች። «ስንት ዘመን ተኝቼ፣ የሚያነሣኝ ሲመጣ ልውጣ?» የኢ/ሩ ሠራተኞች ሳቁ። ኢ/ሩ አልሳቀም፤ እኔን አየኝ።
አልጋውን ወደ መሐል ጎተትነው። መስታወቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን። ራሷን በትራስ ከለልኩ። በርጩማ አስገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጀምሩ አልኩ።
እዚሁ ሆኜ ነው የምጽፈው። ከሥራችን ያጉረመርማል። ከጣሪያው ትንሽ አቧራ ወረደ። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እየጸለየች ይመስለኛል። ኢ/ሩ ከውጭ «ቤቱ ተነሣ፣ ተነሣ!» እያለ ይጮኻል። ምንም አይሰማኝም። አይ፣ በርጩማው ከፍ እያለ
እናቴ እጄን ያዘችኝ። የምጽፍበትን