ስለ አባዬ ወገብ፣ ስለ ጠላውና ሳይነገረን ስለቀረው አንድ ነገር

በቃሊቲ ታክሲ ተራው ፊት ለፊት ለሚገኘው መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ለተከበሩ ጋሽ ተክሌ፤

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ክኒን የሚቆርጡባት መቀስዎ እንዴት ሰነበታችሁ? ወገብዎን አይመምዎት፤ ቢያምዎትም እኛን እንደገጠመን ያለ የሚያጣድፍ ባለመድኃኒት አይግጠምዎት።

ፊት ለፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋብኝ በጽሑፍ መጥቻለሁ። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲሸከም ወገቡ የተያዘውን አባዬን ይዤ ስመጣ ስላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

፩. ጡንቻ የሚያፍታታውን ክኒን ቆርጠው «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ቀጣይ!» ስላሉን እናመሰግናለን። ከመጠጥ ጋር እንደማይወሰድ ቢጨምሩበት ኖሮ ምላስዎ በከንቱ ይደክም ነበር።

፪. አባዬ በሚካኤል ማኅበር ጠላ ጠጣ። በሰፈራችን መጠጥ የሚባለው አረቄ ነው፤ ጠላን ማንም አይቆጥረውም። እርስዎም ማኅበርተኛ ነዎትና አጠገቡ ተቀምጠው «ጨምሩለት እንጂ፣ ወገቡን ያሞቀዋል!» ማለትዎን እናቴ የሺሐረግ እስከ ዛሬ ታነሳልዎታለች።

፫. ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ የሚቀጥለውን ወር ጽዋ ማን እንደሚወስድ ሲጠይቁ፣ አባዬ በእንቅልፍ አንገቱን ደፋ። እሺ ያለ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት፤ ጽዋውም እኛ ቤት ገባ። ተራው የእርስዎ ነበርና እንኳን ደስ አለዎት።

፬. ወደ ቤት ስንወስደው እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ትንፋሹም እየዘገየ ሄደ። ጤና ጣቢያ እስክንደርስ መዳፌን አፍንጫው ሥር አድርጌ የሚቀጥለውን ትንፋሽ ስጠብቅ ነበር። ይህንን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ነርሷ ፊርዶስ ግን ሳትቸኩል አስረዳችን። ክኒኑም ጠላውም አንጎልን ያዘገያሉ፤ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያበረታል፣ እንቅልፉ ይከብዳል፣ ሰው ይወድቃል፣ ሲብስም መተንፈስ ያቅተዋል። ጠላም መጠጥ እንደሆነ የነገረችን እሷ ናት፤ ለዚያውም ጠላ የማትቀምስ ሙስሊም።

አባዬ በማግስቱ ነቅቶ መጀመሪያ የጠየቀው «ይህን ጽዋ ማነው እዚህ ያመጣው?» ብሎ ነው። ከሳቃችን የተነሳ እናቴ አለቀሰች።

ጤናዎንና ትዕግሥትዎን ያብዛልዎ እያልኩ፣ እስካሁን ትንፋሽ የምታዳምጠው የጎረቤትዎ ልጅ፣

ዕፀገነት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ እኛ ቤት ስለሆነ እንዳይቀሩብን። አባዬ ውኃ ይጠጣል። ለእርስዎ ጠላ ከመቅዳቴ በፊት ግን እኔ፣ ያቺ ፊትዎ ስትቆም ድምፅዋ የሚጠፋባት ልጅ፣ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት መድኃኒት እየወሰዱ እንደሆነ እጠይቅዎታለሁ። ተለማምጄዋለሁ፤ «ቀጣይ!» ከማለት ብዙም አይረዝምም።