ቦራ አይጣልም

ሰኞ፣ ኅዳር 7

አልሰጥም አልኩት። መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አቶ ጌትነት ምክትል ርዕሰ መምህራችን ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም፣ ደብተሩ የራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ኅዳር ሲታጠን የትምህርት ቤቱ ግቢ ይጸዳል፤ የሚቃጠለው ይቃጠላል፣ ብረት የሆነው በብረት ገዢ መኪና ይጫናል ብሎ ዝርዝር አነበበ። የተሰበሩ ወንበሮች። የዛገ የውኃ በርሜል። የተጣመመ የመስኮት ፍሬም። "አንድ የማይሠራ የአትክልት ትራክተር።" ቦራን ነው። የኔን ቦራ።

ቦራ ሁለት ጎማ ያለው፣ እንደ በሬ ከኋላው እየተከተሉ እጀታውን ይዘው የሚነዱት ትንሽ ትራክተር ነው። በደርግ ጊዜ ለችግኝ ጣቢያ መጣ፤ ጣቢያው ሲዘጋ ትምህርት ቤቱ ወረሰው፤ ከዚያ ወዲህ ከእንጨት ሥራ ክፍሉ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ዶሮ ሲያድርበት ኖረ። ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ሆኗል። አገሬ ይፋግ፣ አባቴ ግንባሩ ነጭ የሆነ በሬ ሲገዛ ቦራ ነበር የሚለው፣ እኔም ቦራ አልኩት። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ከክፍል ስወጣ እፈታታዋለሁ፣ እገጥመዋለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ተማሪዎቹ በሌለሁበት "ቲቸር ናፍታ" ይሉኛል፤ ሰምቻለሁ፣ አልከፋኝም።

አቶ ጌትነት ሳቅ እያለ፣ መምህርት ይታይሽ ደግሞ መድፍ ልትሠሪልን ነው እንዴ፣ ጋፋት እኮ ድሮ ቀረ አለኝ። ሁሉም ሳቁ። አንዱ ከወደ ጥግ "ላም አለኝ በሰማይ" አለ። ጋፋት በእግር የሚደረስበት አገር ነው፣ እዚያ መድፍ የሠሩትም መጀመሪያ ሳይሳቅባቸው አልቀረም ልለው ነበር፤ ይሄ የመጣልኝ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ያኔ አፌ ላይ የመጣው "ይሠራል!" የሚል ብቻ ነው።

"ከሠራ ዓርብ ለኮሚቴው አሳዪና ከዝርዝሩ ይውጣ" አለ። "ካልሠራ ቅዳሜ ይጫናል።"

ሰው ፊት ይሠራል ብያለሁ። አይሠራም። ሞተሩ አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

የቀረው፦

የናፍታ ጋኑ ዝገት። ጠጠር ጨምሬ ስወዘውዘው ዋልኩ፤ ጠራ።

ኢንጀክተሩ፣ ማለት ናፍታውን የሚረጨው፣ ተደፍኗል። ቆርቆሮ ውስጥ ናፍታ ላይ ተዘፍዝፏል።

ከፓምፑ ወደ ኢንጀክተሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቋል። ጉዴ ይሄ ነው።

ቱቦውን ይዤ ብረት በያጁ ዘንድ ሄድኩ። ገና ሲያየው፣ ይሄን በኔ እሳት ከነካሁት ቀዳዳው ይደፈናል፣ አልነካም አለ። እውነቱን ነው። ስመለስ ገበያው ዳር መስቀል የሚሠሩት አንጥረኛ ጋ አረፍ አልኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ። ቱቦውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው ካዩት በኋላ፣ ይሄ በማን አንገት ነው የሚንጠለጠለው አሉኝ። በበሬ አንገት አልኳቸው። አልሳቁም። በብር ይያዛል፣ ብር ካለሽ አሉ። ጓደኛዋ የጠፋባት አንዲት የብር ሎቲ ነበረችኝ፣ ከቤት አምጥቼ ሰጠኋቸው። ዐይኔ እያየ ቀለጠች። ስንጥቁ ላይ እንደ ነጭ ክር ሆና ቀረች።

ጆሮዬ ላይ ከምታምር ቦራ ላይ ትመር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

እት ጥሩ ዛሬ ከይፋግ መጣች። ታላቅ እኅቴ ናት፤ ለሐኪም ነው የመጣችው፤ ቤት ስታጣኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ቀሚሴ ዘይት፣ እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር። ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ "ልጅ ብታሳድጊ ዛሬ ይጦርሽ ነበር። ይሄ ብረት ይጦርሻል?" አለችኝ።

አመመኝ። ስትስመኝ ነጠላዋን አቆሸሽኩባት፣ እሱም ሌላ ጸጸት። ምን ይጠቅምሻል ይሉኛል፤ አቶ ጌትነትም እሷም። ደስ ይለኛል ማለት መልስ አይሆንም እንዴ? ሰው ካርታ ሲጫወት ይውል የለ፣ ማን ምን ይለዋል? የተጣለ ነገር ውስጥ ገብቼ የት ጋ እንደታመመ ሳገኘው ደስ ይለኛል። በቃ።

እሷን ሸኝቼ ተመለስኩና ቱቦውን ገጠምኩ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ማስነሻውን ብረት ጨብጬ አዞርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ እጄ ከዳኝ፣ ዙሩ ሳይሞላ ለቀቅኩት። ተነሣ!

ግን ምን ዓይነት መነሣት ነው። ጭሱ በማርሚታው፣ በጭስ ማውጫው፣ መውጣት ሲገባው አየር በሚስብበት በኩል ተንቦለቦለ። ጥበቃችን አያ መኳንንት እየሮጡ መጡ፣ ተቃጠለች ብለው። ያኔ ገባኝ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ዙሩ ሳይሞላ ከለቀቁት ተገፍትሮ በግልባጩ ይነሣል ብለው ሹፌሮች ሲያወሩ ሰምቼ አላምንም ነበር። ክፋቱ፣ በግልባጭ ሲዞር የዘይት ፓምፑ አይገፋም፤ ብረት በብረት ላይ ደረቁን ይፋጫል። ዘይት ሲወጣ ብቅ የምትል ትንሽ ቀይ ምልክት አለችው፤ ብቅ አላለችም። ከጥቂት ደቂቃ በላይ ቢቆይ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ባለቀ ነበር። ናፍታውን ዘጋሁበት።

አያ መኳንንት የእብናት ሰው ናቸው፣ ከወይፈን ጋር ያረጁ። ገና ያልተገራ ነው፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ መጎተት ያለ ነው አሉኝ።

ቢሆንም ነፍስ አለው። ዛሬ አወቅሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ሠራ።

ከሰዓት፣ ፀሐዩ ሞተሩን ካሞቀው በኋላ። ሙሉውን ዙር፣ ጥርሴን ነክሼ። ጭሱ በማርሚታው፣ ቀይዋ ምልክት ብቅ። ዱግ ዱግ ዱግ ሲል ቆርቆሮው ሁሉ አብሮት ተንቀጠቀጠ። አለቀስኩ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ዶሮ ማደሪያ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። አያ መኳንንት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ልጄ" አሉኝ።

ሁለት የፊት ማርሽ፣ አንድ የኋላ ማርሽ። ሦስቱንም ሞከርኩ። የእንጨት ሥራ ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞርነው። ከአያ በቀር ያየ የለም፣ ተማሪው ሁሉ ወጥቷል።

ኮሚቴው ነገ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ቀትር ላይ ሞተሩ ይሞቃል፣ እጄም አርፎ ይቆየኛል። ይምጣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

በዘጠኝ ሰዓት አልመጡም። በሁለት ሰዓት መጡ፣ ጠዋት! ሣሩ ላይ ውርጩ ገና ነጭ ነው። ከሰዓት ስብሰባ አለብን አለ አቶ ጌትነት። ከእሱ ጋር የግምጃ ቤቷ ወይዘሮ ስንዱ ቃለ ጉባኤ ይዛ፣ የስፖርት መምህሩም እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ።

አዞርኩ። ዘይቱ በብርድ እንደ ማር ከብዷል። አንድ ጊዜ። አምስት ጊዜ። አረፍኩና እንደገና። ክንዴ ዛለ፣ ትንፋሼ አጠረ። ስፖርቱ ሰዓቱን አየ። ወይዘሮ ስንዱ እያዘነች ብዕሯን ከፈተች።

አቶ ጌትነት ኮቱን አወለቀ። ይሄ የወንድ ክንድ ነው የሚፈልገው አለ። ብረቱን ከእጄ ወሰደው።

"ዙሩ ሳይሞላ አይልቀቁት፣ እጅዎን ይሰብራል" አልኩት። አውቃለሁ አለ። ሦስተኛው ላይ ከበደውና ለቀቀው።

ቦራ አጓርቶ ተነሣ። ስፖርቱ አጨበጨበ። ወይዘሮ ስንዱም አጨበጨበች። አቶ ጌትነት ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ጭሱ በአየር መሳቢያው ወጥቶ የነጭ ሸሚዙን ደረት ሲያጠቁረው እንኳ አላየም። እኔ ያየሁት ቀይዋን ምልክት ነው። ብቅ አላለችም።

ባጠፋው፣ ዳግመኛ ለማስነሣት ክንድ የለኝም፤ ነገ ይጫናል። ባላጠፋው ሆድ ዕቃውን ይፈጀዋል። በዚህ መሐል ምን እንደመጣልኝ ይገርመኛል። ለዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ ጠመኔ እስኪያልቅ የማስተምረው ነገር፤ ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ከዞረ የኋላ ማርሽ ወደ ፊት ይወስዳል። ማርሹን ወደ ኋላ መታሁት። ቦራ ወደ ፊት ሄደ።

አቡነ ዘበሰማያት እያልኩ ነዳሁት፤ ሰዓት አላሰርኩም፣ በደረቁ የዞረበትን ደቂቃ የምለካበት ሌላ ነገርም አልነበረኝም። የመማሪያ ክፍሎቹን ስናልፍ መስኮቱ ሁሉ ጭንቅላት ሆነ። "ቲቸር ናፍታ!" አሉ፣ ዛሬ በፊቴ። አያ መኳንንት የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ሁለተኛውን አቡነ ዘበሰማያት ሳጋምስ ከበሩ ውጭ ነበርን፣ ናፍታውን ዘጋሁት።

ወይዘሮ ስንዱ "የሚሠራ" ብላ ጻፈች። ሦስቱም ፈረሙ። ማኅተሙን ከቦርሳዋ አውጥታ እስክትመታው ድረስ አፌን ያዝኩ። አቶ ጌትነት፣ አላልኳችሁም፣ እጅ ነበር የሚፈልገው እያለ ነበር።

"አቶ ጌትነት፣ እርስዎ ያስነሡት ወደ ኋላ ነው" አልኩት።

"ወደ ፊት ሄደ እኮ።"

"እኔ ነኝ ያስኬድኩት።"

በኖራ ግድግዳው ላይ እያሠመርኩ አስረዳሁት። ስፖርቱ በሳቅ ሞተ። አቶ ጌትነት ወረቀቱን አየ፣ ወይዘሮ ስንዱ ግን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከትታለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሲሄዱ ከአያ ጋር እየገፋን ወደ ጥላው መለስነው። ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ቦራን ጎድቼው ይሆን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከተማው ሁሉ በቆሻሻ ጭስ ታፍኗል። ከቅዳሴ ስመለስ ትምህርት ቤት ጎራ አልኩ። የብረት ገዢው መኪና በርሜሉንም ፍሬሙንም ጭኗል። ሹፌሩ ቦራን ዞር ዞር ብሎ ሲያየው አያ መኳንንት ዱላቸውን መሬት ላይ አኑረው፣ ይሄኛው ወረቀት አለው አሉት። ሄደ።

ኮርቼ ቆሜ ሳለሁ አቶ ጌትነት መጣ። ትናንት የሆነው ሁሉ ያልሆነ ያህል ፊቱ ፈክቷል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር እሱ ስለሆነ ይመስላል፣ ቦራን አሁን የኔ ይለዋል። ንብረቱ የሚሠራ ስለሆነ ከሰኞ ጀምሮ ለትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ይመደባል፣ የሚነዳው ሰው ይቀጠራል አለኝ። መፍቻዎቹን ለግምጃ ቤት እንዳስረክብ፣ ለድካሜም የምስክር ወረቀት እንደሚዘጋጅልኝ ነገረኝ። ስንት ዓመት ዶሮ ሲያድርበት የኖረ!

የማይሠራ ሲሆን ይጥሉታል፣ ሲሠራ ይወስዱታል።

ሲሄድ ሳፋ አመጣሁ። አያ መኳንንት፣ ሚካኤልን በመፍቻ ትሽሪያለሽ ወይ ብለው ተቆጡኝ። ሥራ አይደለም፣ አሞት እንደሆነ ልየው ነው፣ የታመመ መጠየቅ በበዓል አይከለከልም አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ሳፋውን ራሳቸው ያዙልኝ። ከሥር ያለውን ብሎን ፈታሁ። ዘይቱ ጠቁሮ ወረደ። ሳፋውን ወደ ፀሐይ ዘንበል ሳደርገው ውስጡ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። ጥቂት ነው፣ በጣት ጫፍ የሚነሣ። ግን ብረት ነው። ኩሽኔታው ተበልቷል። ሞተሩ ተፈትቶ ሆዱ መታየት አለበት፤ የሁለት ወር ሥራ ነው፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። እንዲህ እንደሆነ መንዳት አይቻልም። ለማንም ሹፌር አይሰጥም፣ ይህን ለማንም ምዬ እመሰክራለሁ።

የጎዳሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታውን እዚሁ እጽፋለሁ። ቀጥሎ የምጽፈው ግን ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው። ደስ አለኝ። እጄን እስኪያሳክከኝ ድረስ ደስ አለኝ።

ከቢሮ ባዶ ካርቶን ለመንኩና በትልቁ "በጥገና ላይ። እንዳይነካ። መምህርት ይታይሽ" ብዬ ጻፍኩበት። መጻፍ በሚካኤል አይከለከልም። አያ ሲባጎ ሰጡኝ፣ አንገቱ ላይ አሰርኩለት።