የሩታ ሳፋዎች

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ሩቲ እህቴ፣ አልአዛር ዛሬም የግቢያችንን በር በጫማው ሲደበድብ ነበር። ቅዳሜ አለመሆኑን ማን ይንገረው? ገና ሁለት ዓመት ከምናምኑ ነው። እናቱ እትዬ ፅጌ ከጎረቤት ሮጣ መጥታ አፉን አፍና አንጠልጥላው ሄደች። "ይቅርታ ኤልኑ፣ እማማ እንዳይሰሙ" አለችኝ በሹክሹክታ።

እማዬ ግን ሰምታለች። በመስኮት አይታለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሕፃናት የምታጫውቺበትን ክፍልሽን አልነካነውም። ሳፋዎቹ ተደራርበው ግድግዳው ሥር ናቸው። ትልቁ ሰማያዊ፣ ሁለቱ ቀይ። ለእንቁጣጣሽ ቢጫ ወረቀት ቀደሽ ሞልተሽ፣ አበባ ደብቀሽበት፣ የሰፈሩ ሕፃናት እስከ ብብታቸው ገብተው ሲፈልጉ... "በእጃቸው ነው የሚማሩት" ትይኝ ነበር። "በእጃቸው ነው የሚበትኑት" እልሻለሁ። ጠራጊው እኔ ነኛ!

ከዚያ ጥቅምት ላይ ታመምሽ። አልተነሳሽም።

አሁን የገና በዓል እየመጣ ነው። አንቺ ብትሆኚ ሳፋው ውስጥ ምን ትከቺ ነበር?

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

እማዬ እራት ላይ፦ "ከገና በኋላ ክፍሉን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አከራየዋለሁ። ባዶውን ማየት አልችልም።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ላጫውታቸውስ?" አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ... ፊዚክስ እንኳ አልገባኝም።

"ማንን ነው የምታጫውተው? ከቀብሩ ወዲህ አንድ ሕፃን ደጄን ረግጧል? ፅጌ እንኳ ልጇን ከእሳት እንደምታወጣ ነው ከደጄ የምትነጥቀው። ከሞት ቤት አሸሿቸው፣ ልጄ።"

እንደዚያ ነው እንዴ?

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ሄጄ ጠየቅኳት። እትዬ ፅጌ ልብስ እያሰጣች ነበር።

"ጠላችሁን?"

"ምን?"

"እማዬ እንደዛ ነው የምትለው። ልጆቻቸውን አሸሹብኝ ትላለች።"

መቆንጠጫው ከአፏ ወደቀ። "ኧረ በጌታ! እኛ እኮ እማማ የልጅ ሳቅ ሲሰሙ ይብስባቸዋል ብለን ነው። የሐዳሳ እናት በእናንተ በር ላለማለፍ በታች በኩል ዞራ ነው የምትሄደው። እኔስ ይሄን ልጅ አፉን ስንቴ አፈንኩት!"

አልአዛር ከቀሚሷ ሥር ብቅ ብሎ "አፈነችኝ" አለ።

ለእማዬ ነገርኳት። የያዘችውን ፎጣ አጣጠፈች፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። "ጅሎች" አለች። ቆይታ ደግሞ፦ "እኔም ጅል።"

ከዚያ፦ "ከገና በፊት ያለው ቅዳሜ። አንዴ ሞክር። ሕፃን ካልመጣ ግን ክፍሉን አከራያለሁ። እንዳትከራከረኝ።"

አልከራከርም። (እከራከራለሁ።)

ታኅሣሥ 16፣ ኀሙስ

ለሰፈሩ እናቶች ሁሉ ተናገርኩ። ሁሉም "እናያለን" አሉ። እናያለን ማለት እንመጣለን ነው ወይስ አንመጣም?

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ጉድ ሠራሁ።

የገና ቀለም ቀይ ነው ብዬ ቀይ ሥር ቀቀልኩ። ውሃው ውስጥ ሩዝ ነከርኩ፣ አፍስሼ ጆንያ ላይ አሰጣሁት። እንዴት ያምራል! ለሕፃን እጅ ከሩዝ የተሻለ ምን አለ? ሲፈስ ድምፅ አለው፣ ይቀዘቅዛል... ሳፋው ውስጥ ገልብጬ እስከ ክርኔ ገባሁበት። እማዬ የገባችው ያኔ ነው።

"እህል?" አለች። "እህል ላይ ልትጫወቱ? ሕፃናቱ ሊረግጡት? ምነው ኤልናታን! ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል፤ እግዜርስ?"

"ቀለሙ ይበላል እኮ..."

"አፍህን ያዝ! ሩታ አንድ ፍሬ እህል ሳፋ ውስጥ ከታ ታውቃለች?"

አሰብኩ። ወረቀት። አሸዋ። ለፍቼ ጨምበላላ ለምለም ሣር። ለፋሲካ ጥጥ። እውነትም... አንድም ቀን እህል የለም። አጠገብሽ ቆሜ ስጠርግ ከርሜ አላስተዋልኩም?

ስምሽን ስትጠራ ግን... ከቀብርሽ ወዲህ እማዬ ስምሽን የጠራችው ዛሬ ነው። በቁጣ። ቁጣው እስኪያልቅ ድረስ ክፍልሽ ውስጥ ቆማ ነበር። አልጋሽ ጫፍ ላይም ተቀመጠች።

"ጭድ ነው" አለች በመጨረሻ። "ጌታ የተወለደው በበረት ነው፤ በግ በጭድ ነው የሚያምረው። ከባለጋሪው ለምነህ አምጣ። አቧራውን እኔ አነፍሰዋለሁ።"

እራት ቀይ ሩዝ በላን። ነገም እሱን ነው። ከነገ ወዲያም ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

እማዬ ከድሮ ነጭ ሹራብሽ የጨርቅ በጎች ሰፋች። መቀሱን ከማስገባቷ በፊት ሹራቡን ብዙ አሸተተችው። ዞር አልኩላት።

አንዱ በግ ጅራቱ ከጭንቅላቱ ይበልጣል። "ምን ታገጣለህ? ባለ ላት በግ ነው" አለችኝ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ሦስት ሰዓት። ማንም የለም።

ሦስት ተኩል። እማዬ የሻሿን ጫፍ ትጠመዝዛለች። እኔ የተጠረገ እጠርጋለሁ። ለገና በሩ ላይ የሰቀልኩት የጥድ ቅጠል እንኳ መጠውለግ ጀመረ። በቃ፣ አይመጡም... ክፍሉ ሄደ።

ከዚያ ከውጭ የሴቶች ድምፅ ሰማሁ። "አንቺ ቅደሚ።" "ኧረ አንቺ ቅደሚ፣ የቅርብ ጎረቤት አንቺ አይደለሽ?" በሩን ስከፍተው አራት እናቶች ልጆቻቸውን እንደያዙ ተደርድረው ቆመዋል። ለካ እዚያው ሆነው ሲገፋፉ ነው የቆዩት!

አልአዛር በእግራቸው መሐል ሾልኮ ገባና ጭዱ ላይ በደረቱ ወደቀ። አፉን ሞልቶ አኘከ። "ትፋ!" አለች እትዬ ፅጌ። "በግ ነኝ" አላት። ሐዳሳ በጎቹን በሙሉ ለቅማ ቀሚሷ ውስጥ ሰበሰበች። አንዱን ስጭኝ ስላት "አይሸጥም!" አለችኝ። እናቷ ገበያ ነው የምትውለው።

እማዬ ሳቀች። ድንገት አመለጣት። አፏን ያዘች፣ እናቶቹን አየቻቸው። እናቶቹም እሷን አዩ። እትዬ ፅጌ፦ "ይሳቁ እማማ አለምነሽ፤ እኛም ስንፈራ ኖረን ደክሞናል።"

ሁሉም አለቀሱ። ልጆቹ ዞር ብለውም አላዩአቸው፤ ሥራ ላይ ነበሩ።

ጭድ ጆሮዬ ውስጥ ሁሉ አለ፣ ሩቲ። ብታይ...

ማታ ስለ ክፍሉ ጠየቅኳት። "እናያለን" አለች። እሷም!

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ገና። ዶሮው ጨው በዝቶበት ነበር። በላን።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

እማዬ ዛሬ፣ ከቀብርሽ ወዲህ ተዘግቶ ወደቆየው የፒያሳ ሱቋ ተመለሰች። ጥቁሩን አልለወጠችም፤ ሱቁን ግን ከፈተች። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነጋልኝ።

ተነስቼ ሻይ አፈላሁ፤ ለሁለት ነው ያፈላሁት፤ ሁለቱንም ጠጣሁ። ክፍሉን ጠረግኩ። ጥምቀት ስለደረሰ ትልቁን ሳፋ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ውሃ ሞላሁ፣ ሎሚ አንሳፈፍኩበት። እኛ ቤት ለጥምቀት ሎሚ አይወረወርም፤ አንቺ ግን የማንንም በዓል አታልፊም ነበር። ሎሚው እህል ነው አይደለም የሚለውን ትናንት ከእማዬ ጋር ተከራክረን፣ "ታጥቦ ለሰላጣ ይመለሳል" በሚል ታረቅን።

ሰባት ልጆች መጡ። ከውሃው ይልቅ እኔ ነኝ ሎሚ የበዛብኝ። አልአዛር ክንዱ ኃይለኛ ነው።

መሐል ላይ አንድ ቦርሳ ያነገበ ልጅ በሩ ላይ ቆመ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ምንያህል እባላለሁ አለኝ። "የሚከራይ ክፍል አለ ብለውኝ ነበር።"

ክፍሉን አየሁት። በሩ ክፍት ነው። ወለሉ ላይ ሰባት ጥንድ ትንንሽ ጫማ። እማዬን ደውዬ ልጠይቅ? ስልኩን አወጣሁ... መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

"ተይዟል" አልኩት። "እዚያ ማዶ ያሉት ያከራያሉ፣ እነሱን ጠይቅ።"

አመስግኖ ሲዞር ሎሚ ጀርባው ላይ አረፈበት። ሳቀ፣ አንስቶ መለሰልን።

ወዲያው ተጨነቅኩ። ምን ሥልጣን አለኝ? እማዬ ረፋድ ላይ ስትደውል እጄ ውሃ እንደሆነ አነሳሁት።

"ስንት መጡ?"

"ሰባት። አንድ ደግሞ መለስኩ።"

"ለምን ትመልሳለህ? የማንን ልጅ?"

"ተከራይ ነው።"

ከጀርባዋ የፒያሳ ባጃጆች ይጮሃሉ።

"ውሃው እንዳይቀዘቅዝባቸው" አለች።

ገብቼ ሙቅ ውሃ አምጥቼ ጨመርኩበት።